59 ቀን የምትኖረው ዓሣ

በማታው ትምህርት ላይ ነበርን። የዕለቱ ትምህርት ሒሳብ ነው። መደመርና መቀነስ አስተምር ነበር። ለምሳሌ እንዲሆነኝ ብዬ ከፊት የተቀመጡትን አንድ አባት፣ «አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልኋቸው።

አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ አሰቡ። ከዚያም፣ «እኔ እንጃ ልጄ። እናቴ የወለድኩህ አንበጣ በወረደበት ዓመት ነው ትለኝ ነበር» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገር ግን ከሳቁት መካከል ዕድሜውን በቁጥር የሚያውቅ ጥቂት ነበር። አንዱ «ጎርፉ ወፍጮውን በወሰደ ጊዜ ነው የተወለድኩት» ይላል። አንዷ ደግሞ «ታላቅ እኅቴ በተዳረች በዓመቱ» ትላለች።

እኔም፣ «ባሕር ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ዓሣ አለች። የእሷ ዕድሜ በቁጥር ታውቋል። ከሁሉ የረዘመው ዕድሜዋ 59 ነው» አልኋቸው።

«59 ዓመት? ለዓሣ ደኅና ዕድሜ ነው» አሉ አባባ።

«ዓመት አይደለም አባባ። 59 ቀን ነው።»

አባባ ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። «ዓሣ እንደሁ አትናገር፤ ዕድሜዋን ማን ነገራቸው? ደግሞስ 59 ቀን ብቻ ኖራ ለማን ትጠቅማለች?»

ሁለቱም የብልህ ሰው ጥያቄዎች ናቸው። የዚያን ማታ ጊዜ ስላጠረን በደንብ አልመለስኩም። አሁን ግን መልሱን ረጋ ብዬ ጽፌዋለሁ። እናንተም ማንበብ ችላችኋልና ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዓሣዋ አገር

ይህች ዓሣ በእኛ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አትገኝም። አገሯ ሩቅ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ አውስትራሊያ የሚባል ትልቅ አገር አለ። ከአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ አጠገብ፣ ባሕሩ ውስጥ፣ ታላቁ የኮራል አጥር የሚባል ቦታ ይገኛል። ርዝመቱ 2300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሰው በቀን 30 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ይህን ያህል መንገድ ቢሄድ ከ76 ቀን በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ የዓሣዋ ዕድሜ መንገዱን አያስጨርስም ማለት ነው።

ጣናን ዳር ቆሞ ያየ ሰው ማዶው የማይታይ ውሃ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ባሕር ግን ከጣና እጅግ ይሰፋል፤ እጅግም ይጠልቃል። ውሃው ጨው ነው፤ አይጠጣም።

ታዲያ ኮራል ምንድን ነው? ኮራልን ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ነገር ግን ድንጋዩን የሠሩት በሕይወት ያሉ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ነገሩን ለመረዳት ኩይሳን አስቡ። ምስጥ ትንሽ ናት። ነገር ግን ብዙ ሆና፣ አፈር በአፈር ላይ እየደረበች፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ትሠራለች። ኮራልም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ እንስሳ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ዓይነት ጠንካራ ቤት ይሠራል። እሱ ሲሞት ቤቱ ይቀራል። ሌላው በላዩ ይሠራል። እንዲህ እየተደራረበ በሺህ በሚቆጠር ዓመት ውስጥ ትልቅ ቋጥኝ ይሆናል።

ይህ ቋጥኝ ለጥ ያለ አይደለም። ቅርንጫፍ አለው፤ ስንጥቅ አለው፤ ጉድጓድና ዋሻ አለው። በዚህም የተነሣ ብዙ ዓይነት ዓሣ፣ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ይኖርበታል። ትልቁ ዓሣ ከዋሻው ይገባል። ትንሹ ደግሞ ከስንጥቁ ይሸሸጋል። የእኛም ዓሣ ቤቷ ከዚህ ነው።

ዓሣዋ ምን ትመስላለች?

ጎቢ የሚባል የዓሣ ወገን አለ። የጎቢ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በዓለም ላይ ከ1500 በላይ ይሆናል። አብዛኛዎቹ ትናንሾች ናቸው። ከውሃው ሥር ድንጋይ ወይም አሸዋ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ።

የእኛዋ ጎቢ የሳይንስ ስሟ ኤቪዮታ ሲጂላታ ነው። ስሙ የወጣላት በ1983 ነው። ሲጂላታ ማለት በላቲን ቋንቋ በትናንሽ ምስሎች ያጌጠ ማለት ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ ኤቪዮታ ብቻ እንበላት።

አሁን የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። ያደገች ኤቪዮታ ርዝመቷ ያን ያህል ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው። ገላዋ በከፊል ብርሃን ያሳልፋል፤ ነጠብጣብም አለበት። ኮራሉ ላይ ጸጥ ብላ ስትቀመጥ ከድንጋዩ አትለይም። ቆቅ ከደረቅ ሣር መካከል ስትተኛ እግራችን ሥር ሆና አናያትም አይደለም? የኤቪዮታም ዘዴ ይኸው ነው። የምትበላው ከድንጋዩ ላይ የምታገኛቸውን ጥቃቅን እንስሳት ነው።

እንዲህ የተሸሸገችን ዓሣ ማጥናት ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ወደ ባሕሩ ጠልቆ ዓሣ ቢቆጥር ትልልቆቹን ይቆጥርና ኤቪዮታን አልፏት ይሄዳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ከቋጥኙ ላይ አንድ ትንሽ ቦታ መርጠው ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ይሸፍናሉ። ከዚያም በመረቡ ውስጥ የቅርንፉድ ዘይት ይረጫሉ። ይህ ቅርንፉድ ሌላ አይደለም፤ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው፣ ጥርስ ሲያመን የምንነክሰው ነው። የቅርንፉድ ዘይት ዓሣን ያደነዝዛል። ዓሣዎቹ ሲደነዝዙ ከስንጥቁ እየተፈለጉ ይለቀማሉ።

በ59 ቀን ውስጥ ምን ትሠራለች?

59 ቀን ስንት እንደሆነ እናስተያየው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። አንዲት ኤቪዮታ ጾሙ በተያዘበት ቀን ብትፈለፈል ፋሲካን አይታ በዚያው ሳምንት ትሞታለች። በእስላሙ አቆጣጠር ደግሞ የረመዳንና የሸዋል ወር ተደምሮ 59 ቀን ገደማ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ትወለዳለች፣ ታድጋለች፣ ትወልዳለች፣ ትሞታለች። ኑሮዋን በሦስት ከፍለን ማየት እንችላለን።

የመጀመሪያው ክፍል ሦስት ሳምንት ነው። ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋ ጫጩት እስክትፈለፍል የምትፈጀውን ጊዜ ያህላል። በዚህ ጊዜ ኤቪዮታ ገና እጭ ናት። ከኮራሉ ርቃ በክፍት ውሃ ውስጥ ትንሳፈፋለች። ቤት የላትም፤ መሸሸጊያም የላትም።

ሁለተኛው ክፍል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ኤቪዮታ ወደ ኮራሉ ትመለሳለች፤ ማደሪያ ስንጥቅ ትይዛለች። በዚህ ጊዜ በፍጥነት አድጋ ለመራባት ትደርሳለች።

ሦስተኛው ክፍል ቢበዛ ሦስት ሳምንት ተኩል ነው። አሁን ትልቅ ሆናለች። ሴቷ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ዕንቁላል ትጥላለች። በሕይወቷ በሙሉ የምትጥለው 400 ያህል ብቻ ነው። ይህ ለዓሣ በጣም ጥቂት ነው። በመቶ ሺህና በሚሊዮን የሚጥሉ ዓሣዎች አሉና። ዕንቁላሉ ጥቂት ስለሆነ ዝም ብሎ አይተውም። ወንዱ አጠገቡ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሌላ ሊበላው ቢመጣ ያባርራል።

ለምን እንዲህ ትቸኩላለች? ጠላቷ ብዙ ስለሆነ ነው። ኮራሉ ላይ ትንሽ ዓሣ የሚበላ ሞልቷል። ተመራማሪዎች እንደደረሱበት ከ100 ኤቪዮታ በየቀኑ 8 ያህሉ ያልቃሉ። እስቲ የተማርነውን ሒሳብ እንሥራበት። ዛሬ 100 ቢሆኑ ነገ 92 ይቀራሉ። ከነገ ወዲያ 85 ይሆናሉ። በ10ኛው ቀን 44 ይቀራሉ። በ25ኛው ቀን የሚቀሩት 13 ብቻ ናቸው።

ዝናቡ አጭር በሆነበት ቆላ የሚኖር ገበሬ ምን ያደርጋል? ቶሎ የሚደርስ ዘር ይዘራል። አምስት ወር የሚፈጅ ማሽላ ቢዘራ ዝናቡ ከመሐል ይከዳዋል። ኤቪዮታም እንዲሁ ናት። ቀስ ብላ ብታድግ ኖሮ ዕንቁላል ሳትጥል ተበልታ ባለቀች ነበር። በዚህ ዓይነት በአንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ያህል ትውልድ ይተካካል። ዘንድሮ መስከረም ላይ ያለችው ለሚመጣው መስከረም ቅድመ አያት ብቻ ሳትሆን ከዚያም በላይ የራቀች አያት ትሆናለች።

ዕድሜዋን ማን ነገራቸው?

አሁን ወደ አባባ የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለስ።

ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ የበሬውን ዕድሜ ባለቤቱን ብቻ ጠይቆ አይመለስም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ባለቤቱ ሊዋሽ ይችላል፤ ጥርሱ ግን አይዋሽም። የዛፍንም ዕድሜ ግንዱ ሲቆረጥ በውስጡ ካለው ቀለበት ማወቅ ይቻላል። ዛፍ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራልና።

ዓሣም እንዲህ ያለ ምስክር አላት። ምስክሩ ከጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ዓሣ ከውጭ የሚታይ ጆሮ የላትም። ከውስጥ ግን አላት። በውስጠኛው ጆሮዋ ውስጥ በስተቀኝ ሦስት፣ በስተግራ ሦስት ጠጠሮች አሉ። እነዚህ የጆሮ ጠጠሮች ለመስማትና ሚዛኗን ጠብቃ ለመዋኘት ይረዷታል። ጠጠሩ ዓሣዋ ስትወለድ ትንሽ ነው። እሷ ስታድግ እሱም ያድጋል። የሚያድገውም በላዩ ላይ ሽፋን በሽፋን እየተደረበ ነው።

በ1971 ጆርጆ ፓኔላ የተባሉ ሊቅ አንድ ትልቅ ነገር አስታወቁ። በአንዳንድ ዓሣዎች የጆሮ ጠጠር ላይ ያለው ሽፋን በየዓመቱ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ የሚደረብ መሆኑን አመለከቱ። መዓልትና ሌሊት ሲፈራረቅ አንድ ቀለበት ይጨመራል። እንግዲህ ቀለበቱን የቆጠረ ቀኑን ቆጠረ ማለት ነው።

ይህ እውነት መሆኑስ በምን ይረጋገጣል? ሳይንስ እንዲያው በግምት አያምንም። ተመራማሪዎች በሕይወት ያለውን ዓሣ ልዩ ቀለም ባለበት ውሃ ውስጥ ያቆዩታል። ቀለሙ በዚያን ቀን በጠጠሩ ላይ በሚደረበው ሽፋን ላይ ምልክት ይተዋል። ከዚያ ጥቂት ቀን ይጠብቃሉ። በኋላ ጠጠሩን አውጥተው ከምልክቱ ወዲህ ያሉትን ቀለበቶች ይቆጥራሉ። 10 ቀን አልፎ 10 ቀለበት ከተገኘ፣ ቀለበቱ የቀን መሆኑ ተረጋገጠ።

የኤቪዮታን ዕድሜ የቆጠሩት ማርሺያል ዴፕቺንስኪና ዴቪድ ቤልውድ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። የሠሩትም በአውስትራሊያ በሚገኘው በጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከ300 በላይ ኤቪዮታዎች ሰበሰቡ። ዓሣዋ ራሷ የጥፍር ያህል ናት። ጠጠሯ ምን ያህል እንደሚያንስ እናንተው ገምቱ። ያንን ጠጠር ፈግፍገው ስስ አድርገው በማይክሮስኮፕ አዩት። ማይክሮስኮፕ ማለት በጣም ትንሹን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ቀለበቶቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጠሩ። እጯ ወደ ኮራሉ የተመለሰችበት ቀን እንኳ በቀለበቶቹ ለውጥ ይታወቃል። ከሁሉም ዕድሜዋ የገፋችው 59 ቀለበት ተገኘባት። ይህን በ2005 ለዓለም አስታወቁ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከታወቀ፣ የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት ሁሉ አጭር ዕድሜ ያላት እሷ ሆነች።

ከእሷ በፊት በዕድሜ ማጠር የታወቀው በአህጉራችን በአፍሪካ የሚኖር ሌላ ትንሽ ዓሣ ነበር። እሱ የሚገኘው በዚምባብዌና በሞዛምቢክ፣ ዝናብ በሚያቁረው ኩሬ ውስጥ ነው። ኩሬው በበጋ ሲደርቅ ዓሣው ይሞታል። ዕንቁላሉ ግን ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ እስከሚቀጥለው ዝናብ ይቆያል። የዚያ ዓሣ ዕድሜ 12 ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ኤቪዮታ ከእሱም አነሰች።

ይህን ሁሉ ለአባባ በሌላ ቀን ስነግራቸው፣ «እንዴ! ታዲያ ይኼ ጽሕፈት ነው በለኛ። ተጽፎ ኖሮ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አባባል እኔም አላገኘሁም።

ለማን ትጠቅማለች?

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ዘመን ሊቆችም ቢሆኑ እነዚህን ትናንሽ ዓሣዎች ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም ነበር። ምክንያቱም በአንድ ቀን በቋጥኙ ላይ ያለው ዓሣ ሁሉ ተለቅሞ ቢመዘን የነሱ ክብደት በጣም ትንሽ ነው። ሚዛኑን የሚደፉት ትልልቆቹ ናቸው።

ነገር ግን አንድ ምንጭ አስቡ። ምንጩ ትንሽ ነው። ከጉድጓዱ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ ቢቀዳ አንድ እንሥራ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ይሁን እንጂ መንደሩ በሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀዳዋል። ስለዚህ የምንጩን ጥቅም የሚያውቅ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውሃ አይለካም። ቀኑን ሙሉ ስንት እንሥራ እንደተቀዳ ይቆጥራል።

በ2019 ሲሞን ብራንድልና ባልደረቦቻቸው የቆጠሩት እንደዚህ አድርገው ነው። ኤቪዮታንና እንደ እሷ በኮራል ስንጥቅ የሚሸሸጉትን ትናንሽ ዓሣዎች ሁሉ አንድ ላይ አጠኑ። በአንድ ቀን ስንት እንዳሉ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት እንደተበሉና ስንት እንደተተኩ አሰሉ። ውጤቱ የሚያስገርም ነበር። ኮራሉ ላይ ከሚበላው የዓሣ ሥጋ ከ100 እጅ 60 ያህሉ ከነዚህ ትናንሾች የሚገኝ ሆነ። ይህን ያህል ሲበሉ የማያልቁትም ቶሎ ቶሎ ስለሚተኩ ነው። ደግሞም የብዙዎቹ እጮች ከወላጆቻቸው ቋጥኝ እጅግ አይርቁም። የሌላው ዓሣ እጭ በውቅያኖስ ተበትኖ ሲቀር የነሱ እጅግ ብዙው ተመልሶ ይመጣል።

አሁን መስመሩን ተከተሉት። ጥቃቅኑን እንስሳ ኤቪዮታ ትበላለች። ኤቪዮታን ከእሷ ከፍ ያለ ዓሣ ይበላታል። ያንንም ሌላ ትልቅ ዓሣ ይበላዋል። ትልቁን ዓሣ ሰው ያጠምደዋል። በዓለም ላይ በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ምግቡና ኑሮው ከኮራል ጋር የተያያዘ ነው። ዓሣ አጥማጁ ኤቪዮታን በዓይኑ አይቷት አያውቅ ይሆናል። መረቡ ውስጥ የገባው ትልቅ ዓሣ ግን ሥጋው በከፊል የመጣው ከእሷና ከመሰሎቿ ነው። እኛ ዘንድ ከእህል ሁሉ የምታንሰው ጤፍ ናት። ግን ስንቱን ሰው ታኖራለች? ትንሽ ነገር የሚናቀው ሳይቆጠር ሲቀር ነው።

የኤቪዮታ ዘመዶች ለእኛም የቀረቡ ናቸው። በቀይ ባሕር፣ በኤርትራ ጠረፍ፣ በምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ብዙ ኮራል አለ። በቀይ ባሕር የሚኖሩትን የኤቪዮታ ወገኖች ሁለት የአሜሪካ ሊቆች በ1978 አጥንተው ጽፈውባቸዋል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ተረት ብቻ አይደለም።

ያለባት አደጋ

ኤቪዮታ ጠላቷ ብዙ ቢሆንም በጠላት ብዛት አልጠፋችም። የሚያሰጋት ቤቷ መፍረሱ ነው።

ቀደም ሲል ኮራል እንስሳ ነው ብያለሁ። በዚህ እንስሳ ገላ ውስጥ አልጌ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩ ጥቃቅን ነገሮች ይኖራሉ። ኮራሉ ማደሪያ ይሰጣቸዋል። እነሱም ከሠሩት ምግብ ያካፍሉታል። ያማረ መልኩንም በብዛት የሚያገኘው ከነሱ ነው። እንደ ወንፈል ያለ የመረዳዳት ኑሮ ነው።

ይህ ስምምነት የሚፈርሰው ውሃው ሲሞቅ ነው። የባሕሩ ውሃ በሞቃቱ ወራት ከለመደው በላይ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ጨምሮ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል። መልኩም ይነጣል። ነጭ መሆኑ መሞቱ አይደለም፤ መራቡ ነው። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌው ይመለሳል፤ ኮራሉም ይድናል። ሙቀቱ ከቆየ ግን ይሞታል። የሞተውን ማዕበሉ ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። ስንጥቁና ጉድጓዱ ይጠፋል።

በታላቁ የኮራል አጥር ብዙ ቦታ ያዳረሰ መንጣት በ1998ና በ2002 ደረሰ። ከዚያም በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022ና በ2024 ደረሰ። ቁጥሮቹን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው 14 ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ዓመት ልዩነት ሆነ። የተጎዳ ኮራል ለማገገም ብዙ ዓመት ያስፈልገዋል። መሬት ሳታርፍ በላይ በላዩ ቢታረስባት እንደምትደክመው ማለት ነው።

ውሃው ለምን ሞቀ? ሰው ለፋብሪካ፣ ለመኪናና ለመብራት የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ያቃጥላል። ከሚቃጠለው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በአየር ውስጥ ተከማችቶ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ይይዛል። አየሩ ይሞቃል፤ ባሕሩም ይሞቃል። ይህ ሙቀት የሚነካው ባሕሩን ብቻ አይደለም። የዝናብንም ጠባይ ይለውጣል። የዝናብ ጠባይ መለወጥ ምን እንደሚያስከትል ለገበሬ መንገር አያሻኝም።

እዚህ ላይ የ59 ቀን ዕድሜ ትርጉሙ ይታየናል። ገበሬ ዘንድሮ አዝመራው ቢበላሽበት፣ «እስቲ የከርሞውን ያሳየን» ብሎ ይጠብቃል። ኤቪዮታ ከርሞ የሚባል ነገር የላትም። ሁለት ወር ክፉ ቢሆን ዕድሜዋ በሙሉ ክፉ ሆነ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ብቻ ዕንቁላል ትጥላለች። በዚያች ጊዜ መሸሸጊያ ካጣች ሌላ ዕድል የላትም። ምንጯ እንግዲህ በዚህ ዓይነት ልትነጥፍ ትችላለች። ምንጭ ሲነጥፍ ደግሞ የሚጠማው ከታች ያለው ሁሉ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ የአባባ ሁለት ጥያቄዎች ተመለሱ። ዕድሜዋን የነገረቻቸው ራሷ ናት። በየቀኑ በጆሮዋ ጠጠር ላይ እየጻፈች ኖረች፤ ሰው ማንበቡን ሲማር አነበበላት። ጥቅሟም ታወቀ። ብቻዋን ስትታይ ምንም ናት። ከመሰሎቿ ጋር ስትቆጠር ግን ኮራሉን ሁሉ የምትመግብ ናት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባባ ለትምህርት ሲመጡ ደብተራቸውን ከፍተው አሳዩኝ። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ትንሽ በተንጋደደ ፊደል፣ የአንዲት ሕፃን ስም ተጽፏል። ከስሙ ቀጥሎ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት አለ። የልጅ ልጅ ተወልዳላቸው ኖሯል።

«እሷ እንኳ አንበጣ በወረደ ጊዜ አትበል» አሉኝ። «ዓሣይቱ እንኳ የምታውቀውን እሷ ትጣው?»

እናንተም ቤታችሁ ሕፃን ሲወለድ ቀኑን ጻፉ። ለመጻፍ እንደሁ አሁን ማንም አያስፈልጋችሁም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኤቪዮታ በክፍት ውሃ ስንት ሳምንት ትቆያለች? ወደ ኮራሉ ከተመለሰችስ በኋላ?

2. ዛሬ 50 ኤቪዮታዎች ቢኖሩና ከ100 በየቀኑ 8 የሚያልቁ ቢሆን፣ ነገ ስንት ይቀራሉ?

3. በአካባቢያችሁ ትንሽ ሆኖ ብዙዎችን የሚጠቅም ምን ዓይነት ፍጥረት አለ? ቢጠፋ ምን ይከተላል?

4. የበሬን ዕድሜ በጥርሱ እንደምታውቁት ሁሉ፣ የሌላ እንስሳ ወይም የዛፍ ዕድሜ የምታውቁበትን ዘዴ ተነጋገሩበት።

5. በቤታችሁ ያሉትን ልጆች ስምና የተወለዱበትን ቀን ጻፉ። ቀኑ ያልታወቀ ካለ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ጠይቁና መዝግቡ።